ግርሻ፣ የልብስ ቅማልና አይራክ-4፦ የአንድ ትኩሳትና የአንድ ጂን ታሪክ

(በደብረ ማርቆስ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር፤ ከድምፅ ተገልብጦ ለንባብ የተዘጋጀ)

በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳውቅ። የምንመረምራቸው ጽሑፎች በዚያው አቆጣጠር የታተሙ ናቸውና።

በ2002 በአሜሪካና በካናዳ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ስለ አንድ ፕሮቲን ተቀራራቢ ውጤት አወጡ። ፕሮቲኑ አይራክ-4 ተባለ። በሰው ልጅ ዘንድ ይህን ፕሮቲን የሚያዝዘው ጂን በአሥራ ሁለተኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ፕሮቲኑ 460 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ ሥራውም ካይኔዝ መሆን ነው፤ ማለትም ከኤቲፒ ላይ ፎስፌት ወስዶ በሌላ ፕሮቲን ላይ ይለጥፋል። እንዲህ ሲነገር ከጎጃም ደጋ ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ አይመስልም። የዛሬው ሙግቴ ግን አለ የሚል ነው። ይህ ጂን የሚገኝበት የምልክት ሰንሰለት በሰው ደም ውስጥ ሲነሣሣ ምን እንደሚያደርግ፣ በየትኛው ሰዓት ጀምሮ በየትኛው ሰዓት እንደሚበርድ፣ በሰው ላይ ጥርት ብሎ ከታየባቸው ስፍራዎች አንዱ አዲስ አበባ ነው። የታየውም ከቅማል በሚመጣ ትኩሳት በታመሙ ድሆች ላይ ነው። የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊዎች ነገሩን ከላቦራቶሪው ጫፍ ይጀምሩታል፤ እኔ ከአልጋው ጫፍ እጀምራለሁ።

በሽታው ግርሻ ይባላል። የሕክምና መጻሕፍት ግርሻ ትኩሳት ይሉታል፤ ስሙ ራሱ የበሽታውን ጠባይ ይናገራል። ሰውየው በድንገት ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ያመዋል፣ መገጣጠሚያውን ይቈረጥመዋል፤ አምስት ቀን ያህል ከነደደ በኋላ ላብ ያጠምቀውና ትኩሳቱ ይለቀዋል። ቤተሰቡ «ተመስገን» ይላል። ከሳምንት ገደማ በኋላ ያው ትኩሳት ይመለሳል። ምክንያቱን ዛሬ እናውቃለን፦ ቦሬሊያ ሪከረንቲስ የተባለው ጠመዝማዛ ባክቴሪያ የላይኛ ልብሱን ይለውጣል። ሰውነታችን የመጀመሪያውን ልብስ አውቆ ፀረ እንግዳ አካል ሲያዘጋጅና ባክቴሪያውን ሲያጠፋ፣ ሌላ ልብስ የለበሱ ጥቂቶች ተርፈው ይራባሉ። ልብሱ የተሠራበት ፕሮቲን ስብ ያለበት ነው፤ ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

በሽታውን የሚያመላልሰው የልብስ ቅማል ነው። የራስ ቅማል አይደለም። የልብስ ቅማል የሚኖረው በገላ ላይ ሳይሆን በልብስ ስፌት ውስጥ ነው፤ ለመመገብ ብቻ ወደ ገላ ይወጣል። ስለዚህ በሽታው የሚከተለው ብርድን፣ ቅያሪ ልብስ ማጣትንና ተጠጋግቶ መተኛትን ነው። ይህ ስብሰባ የሚካሄድበት ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ከበላያችን ጮቄ አለ። በክረምት ልብስ አጥቦ ማድረቅ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም። እዚህ ላይ የቆሎ ተማሪውን አስታውሱ። ደብረ ኤልያስ፣ ዲማ፣ ዋሸራ ብለን በኩራት የምንጠራቸው የቅኔ ጉባኤዎች የቆሙት አንድ ደበሎ ለብሰው፣ ቁራሽ ለምነው፣ በጠባብ ጎጆ ውስጥ ጎን ለጎን በሚተኙ ልጆች ነው። ቅማል ትኩሳት አይወድም፤ የነደደውን ገላ ትቶ አጠገቡ ወዳለው ቀዝቃዛ ገላ ይሻገራል። ባክቴሪያውም የሚጋባው በንክሻው አይደለም። በቅማሉ ደም ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል፤ የሚወጣው ቅማሉ ሲፈነዳ ነው። ሰው ቅማሉን በጥፍሩ ሲደፈጥጠው፣ ከዚያም በዚያው ጥፍር የተነከሰውን ቆዳ ሲያክክ፣ በሽታውን በገዛ እጁ ያስገባል። ቅማሉ ካልተገደለ አያስተላልፍም ማለት ይቻላል። በሌላ በኩል ግርሻን የሚሸከም ሌላ እንስሳ አይታወቅም፤ ሰውና የሰው ቅማል ብቻ ናቸው።

የታሪክ ተማሪዎች እዚህ ላይ እንድትጠነቀቁ እፈልጋለሁ። በድሮ ጽሑፎቻችን «ተስቦ» የሚለው ቃል ሲመጣ የትኛው በሽታ ነው ብሎ መወሰን አይቻልም። ታይፈስም ከቅማል ይመጣል፤ ግርሻም ከቅማል ይመጣል፤ ሁለቱም በጦር ሰፈርና በረኀብ ዘመን አብረው ይነሣሉ። የሚለያቸው ማይክሮስኮፕ ነው። ኦቶ ኦበርማየር በበርሊን የግርሻን ጠመዝማዛ ባክቴሪያ በታማሚ ደም ውስጥ ያየው በ1868 ሲሆን ያሳተመው በ1873 ነው፤ በዚያው ዓመት በኮሌራ ሞተ። ቅማል አስተላላፊ መሆኑን ማኪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በህንድ አገር ያመለከተው በ1907 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ «ትኩሳት» ሁሉ ለኛ ድርብ ትርጉም ያለው ነው። በክፉ ቀን ዘመን ስላለቀው ሕዝብ የሚጽፉ አንዳንድ ሰዎች የበሽታውን ስም በእርግጠኝነት ሲያስቀምጡ አያለሁ፤ ማስረጃው ያንን ድፍረት አይፈቅድም።

አሁን ወደ መርፌው። በ1895 ያሪሽ፣ በ1902 ደግሞ ሄርክስሃይመር የተባሉ የቆዳ ሐኪሞች ቂጥኝ የያዛቸውን ሰዎች በሜርኩሪ ሲያክሙ፣ ሕመሙ ከመሻሉ በፊት ለሰዓታት እንደሚብስ ጻፉ። ክስተቱ እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል። በቂጥኝ ላይ ይህ መባባስ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። በግርሻ ላይ ግን አስፈሪ ነው። ታማሚው ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ከወሰደ በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ያህል ምንም አይታይበትም። ከዚያ ጥርሱ እስኪፋጭ ይንቀጠቀጣል፤ ሙቀቱ ወደ ላይ ይዘልላል፤ ትንፋሹና የልቡ ምት ይፈጥናል። ቀጥሎ ፊቱ ይቀላል፣ ላቡ ይወርዳል፣ የደም ግፊቱ ይወድቃል። ባክቴሪያው በዚሁ ጊዜ ከደሙ ይጠፋል። አብዛኛው ሰው ይድናል፤ አንዳንዱ ግን በዚያች ሰዓት ይሞታል።

ስለዚህ ዘመዱን በእግሩ አስኪዶ ወደ ጤና ጣቢያ አምጥቶ፣ መርፌ ከተወጋ በኋላ ሲንቀጠቀጥ አይቶ፣ ማታ ሬሳውን የተሸከመ ገበሬ «መርፌው ገደለው» ቢል ምን እንበለው? አላዋቂ ይሉት ነበር። የጊዜ ቅደም ተከተሉን በትክክል ያየው እርሱ ነው። ሳይንስ ያንን ምልከታ ለማስረዳት ከያሪሽ ዘመን ጀምሮ መቶ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል።

ማስረዳቱ በአዲስ አበባ በከባድ ሥራ ተጀመረ። በ1970 ብራይስሰን፣ ፓሪ፣ ፔራይን፣ ዋረልና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ ስለታዩ 62 የግርሻ ታማሚዎች አንድ ረዥም ጥናት አሳተሙ። በዚያው ዓመት የልብና የትንፋሽ ለውጡን የሚመለከት ሌላ ጥናት ተከተለ። ሐኪሞቹ ታማሚው አልጋ አጠገብ ተቀምጠው ሙቀቱን፣ ግፊቱን፣ የደም ፍሰቱን በየጊዜው ለክተዋል። የተገኘው ሥዕል ሰዓት እንዳለው ማሽን ነው፦ መንቀጥቀጥ፣ መንደድ፣ መውደቅ፣ መሻል። ምን እንደሚቀሰቅሰው ግን አልታወቀም። ከሞቱት ባክቴሪያዎች የሚወጣ መርዝ ነው ይባል ነበር፤ መርዙ ግን ተፈልጎ ሊያዝ አልቻለም። ስቴሮይድም መባባሱን አላስቀረውም። በ1983 ተክሉና ሀብተ ሚካኤል ከእንግሊዛውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሜፕታዚኖል የተባለ የሕመም ማስታገሻ መባባሱን እንደሚያቀልል ላንሴት ላይ አሳተሙ፤ ጠቃሚ ፍንጭ ነበር፣ ነገር ግን ሥሩን አልነካም።

ሥሩ የተነካው በ1990ዎቹ ነው። እነ ንጉሤ በ1992 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ደም ውስጥ መርፌው ከተሰጠ በኋላ ሦስት መልእክተኛ ፕሮቲኖች በብዙ እጥፍ እንደሚጨምሩ አሳዩ፦ ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን-6 እና ኢንተርሉኪን-8። እነዚህ የባክቴሪያው አይደሉም። የታማሚው የራሱ ናቸው። የመቶ ዓመቱ ጥያቄ በዚህ ተገለበጠ። ሰውየውን የሚያንቀጠቅጠው የባክቴሪያው መርዝ ሳይሆን የገዛ ሰውነቱ መልስ ነው ማለት ነው።

ይህ ግን ገና ግጥምጥሞሽ ሊሆን ይችላል። አብሮ የታየ ሁሉ መንስኤ አይደለም። መንስኤ መሆኑ የሚታወቀው ሲወገድ ውጤቱም ሲቀር ነው። ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቻቸው በ1996 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ያሳተሙት ሙከራ ያንን አደረገ። 49 ታማሚዎች ነበሩ። ለ20ዎቹ ከፔኒሲሊኑ በፊት ቲኤንኤፍን የሚያከሽፍ፣ ከበግ ደም የተዘጋጀ የፀረ እንግዳ አካል ቁራጭ ተሰጣቸው፤ 29ኙ ለማነጻጸሪያ ነበሩ። በማነጻጸሪያው ቡድን ከ29 ሰዎች 26ቱ መባባሱ ደረሰባቸው። መከላከያውን ካገኙት ከ20 ሰዎች ግን 10ሩ ብቻ። ግማሽ ያህሉን አስቀርቷል ማለት ነው።

ይህ ሙከራ በዓለም የሕክምና ታሪክ ውስጥ ያለው ስፍራ በቂ ትኩረት ያገኘ አይመስለኝም። በዚያው ዘመን በአሜሪካና በአውሮፓ ቲኤንኤፍን የሚያከሽፉ መድኃኒቶች በደም መመረዝ ለተጠቁ ብዙ ታማሚዎች ተሰጥተው ተስፋ የተጣለባቸውን ያህል ሕይወት አላዳኑም። ለምን? አንዱ ምክንያት ታማሚው ወደ ሆስፒታል ሲደርስ ማዕበሉ አልፎ መሆኑ ነው፤ መቼ እንደጀመረ ማንም አያውቅም። በግርሻ ላይ ግን ሐኪሙ ማዕበሉ የሚነሣበትን ሰዓት ያውቃል፤ መርፌውን የሚሰጠው ራሱ ነውና። ቀድሞ መድረስ ይችላል። አዲስ አበባ ላይ የታየው ይህ ነው፤ የሰው ልጅ ቲኤንኤፍ ቀድሞ ከተያዘ በእውነተኛ ኢንፌክሽን የሚመጣን ማዕበል መግታት እንደሚቻል። ውጤቱ ፍጹም አልነበረም፤ ግማሾቹ ያው ተንቀጥቅጠዋል። ይህም ከቲኤንኤፍ በላይ፣ ከምንጩ አጠገብ፣ ሌላ ነገር እንዳለ ይጠቁማል። በ2000 ደግሞ ኢንተርሉኪን-10 የተባለውን አብራጅ ፕሮቲን በመስጠት የተደረገ ሙከራ ለውጥ አላመጣም።

ምንጩን ለመፈለግ ባክቴሪያውን ማርባት ያስፈልግ ነበር። ቦሬሊያ ሪከረንቲስ ከኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ተወስዶ በላቦራቶሪ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ መርባቱ በ1994 ተዘገበ። በ1998 ደግሞ ያንኑ ባክቴሪያ በመጠቀም ቲኤንኤፍን በዋነኛነት የሚቀሰቅሰው ነገር ተለየ። ምን ሆኖ ተገኘ? ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኳችሁ ስብ ያለበት የላይኛ ልብስ። ባክቴሪያው ለመሸሸግ የሚለዋውጠው ልብስና ሰውነታችንን የሚያስቆጣው ነገር አንድ ናቸው።

ልብሱን የሚያየው የሰውነታችን ዐይንስ የትኛው ነው? እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ሌላ አገር ይሻገራል፤ ፈጠን ብዬ ልለፈው። በ1989 ቻርልስ ጄንዌይ ሰውነት ተሕዋስያንን በተወለደበት ዕውቀት የሚለይባቸው ተቀባዮች ሊኖሩት ይገባል ብሎ ተነበየ። በ1996 በፈረንሳይ የሆፍማን ቡድን ቶል የተባለ ጂን የፍሬ ዝንብን ከሻጋታ እንደሚከላከል አሳየ። በ1998 የቦይትለር ቡድን በአይጥ ላይ የዚህ ዘመድ የሆነ ተቀባይ የባክቴሪያን ኢንዶቶክሲን እንደሚለይ አወቀ። ለሁለቱም በ2011 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው፤ ከራልፍ ስታይንማን ጋር። ከነዚህ ተቀባዮች ቲኤልአር-2 የተባለው ስብ ያለባቸውን የባክቴሪያ ፕሮቲኖች ይለያል።

ተቀባዩ በሕዋሱ ቆዳ ላይ ነው፤ ትእዛዙ ግን ወደ ኒውክለስ መድረስ አለበት። መንገዱ እንዲህ ነው። ተቀባዩ ሲነካ ማይዲ88 የተባለ አገናኝ ፕሮቲን ከውስጥ በኩል ይሰበሰባል። በእርሱ ላይ አይራክ-4 ይደረደራል። በ2010 የታተመ የክሪስታል ጥናት እንዳሳየው ስድስት ማይዲ88፣ አራት አይራክ-4 እና አራት አይራክ-2 እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ተደራርበው አንድ ግንብ ይሠራሉ። አይራክ-4 ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ የሚያያዝበት፣ ሌላው ፎስፌት የሚለጥፍበት። ሲደረደር ይነቃል፤ አጠገቡ ያለውን አይራክ-1ንም ያነቃል። ከዚያ ትእዛዙ በትራፍ-6 በኩል አልፎ ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ ወደ ኒውክለስ እንዲገባ ያደርጋል፤ የቲኤንኤፍና የኢንተርሉኪን-6 ጂኖች ይከፈታሉ። እነዚያ አዲስ አበባ ላይ በደም ውስጥ የተለኩት ፕሮቲኖች የዚህ መንገድ ፍሬዎች ናቸው። በግርሻ ታማሚ ሰው ላይ አይራክ-4ን ራሱን ለክቶ የተገኘ ማስረጃ እያቀረብኩላችሁ አይደለም፤ ሁለቱን የማገናኘው ከመንገዱ ቅርጽ ተነሥቼ ነው። ማይዲ88 የጎደላቸው አይጦች የግርሻ ወገን ቦሬሊያ ሲሰጣቸው ባክቴሪያው በደማቸው ውስጥ እጅግ እንደሚበዛ መታየቱ ግን ሙግቴን ያጠናክረዋል።

ይህ መንገድ በሰው ላይ ሲዘጋ ምን ይሆናል? መልሱ በ2003 መጣ። ፒካርና ካዛኖቫ ከባልደረቦቻቸው ጋር አይራክ-4 የጎደላቸውን፣ ዝምድና የሌላቸው ሦስት ሕፃናት ገለጹ። ሕፃናቱ በኒሞኮከስና በስታፊሎኮከስ ደጋግመው በጽኑ ይታመማሉ። ቫይረሶችን ግን በደንብ ይቋቋማሉ። በሕይወት ከቆዩም ወደ ጉርምስናው ሲደርሱ ጽኑ ሕመሙ ይቀንስላቸዋል፤ በልምድ የሚገኘው የመከላከል አቅም ቦታውን የሚሸፍን ይመስላል። ከሁሉም ይልቅ እኔን ያስቆመኝ ሌላ ነው። እነዚህ ሕፃናት በጽኑ ሲታመሙ ብዙ ጊዜ ትኩሳታቸው ዝቅተኛ ነው ወይም ዘግይቶ ይመጣል። የግርሻ ታማሚው መንገዱ ተከፍቶ ሲነድድ፣ እነርሱ መንገዱ ተዘግቶ ሳይሞቁ ይሞታሉ።

ይህን በአገራችን ሁኔታ አስቡት። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ከገጠር ወደ ጤና ጣቢያ የምታመጣው በምን ምልክት ነው? «አተኮሰው» ብላ ነው። የጤና ባለሙያውም መጀመሪያ የሚያነሣው ቴርሞሜትር ነው። ትኩሳት ወደ ሕክምና የሚያስገባ በር ነው። የማያተኩሰው ልጅ ከበሩ ውጭ ይቀራል፤ ምርመራውን ሳያይ ይቀበራል፤ በማንም መዝገብ ላይ ስሙ አይሰፍርም። ጉድለቱ ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ብቻ የሚገለጥ ስለሆነ የጋብቻ ልማድም አብሮ ይታሰብ። እስከ ሰባት ቤት የተዛመደ እንዳይጋባ የሚከለክለው የኛ ሥርዓት እንዲህ ያለውን ውርስ ብርቅ ያደርገዋል ብዬ አምናለሁ። ብርቅ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። የዘር ሐረግ ቆጠራን እንደ ኋላ ቀር ነገር የምታዩ ወጣት ተማሪዎች ካላችሁ ከዘረመል መምህራኖቻችሁ ጋር ተወያዩበት።

ሌላም ጉዳይ አለ። አይራክ-4ን የሚያግዱ መድኃኒቶች እንደ ሪህ ላሉ ሕመሞች በሰው ላይ እየተሞከሩ ነው። ለሞካሪዎቹ የ2003ቱ ሕፃናት ማስጠንቀቂያም ማበረታቻም ናቸው፤ በአዋቂነት ዕድሜ አደጋው መቀነሱን ይጠቅሳሉ። እኔ ግን ያ መረጃ የተሰበሰበው ክትባትና አንቲባዮቲክ በቅርብ በሚገኝባቸው አገሮች መሆኑን አስታውሳለሁ። መድኃኒቱ ወደኛ ሲመጣ ጥያቄውን የሚጠይቅ ሰው ከዚህ አዳራሽ ቢወጣ ደስ ይለኛል።

ግርሻ ራሱ አላለፈም። በ1991 ጦርነቱ ሲያበቃ በየካምፑ በተሰበሰቡ ወታደሮች ላይ ወረርሽኝ ተነሥቶ በ1993 ላንሴት ላይ ተዘግቧል። በ2014 የባሕር ዳር ተመራማሪዎች ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጡ ሰዎችን አጥንተው አሳትመዋል። ከባሕር ዳር እስከዚህ ያለውን መንገድ ታውቁታላችሁ። ልብስ በፈላ ውኃ መቀቀል ቅማሉን ይገድላል፤ አንድ ጊዜ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ያጠፋል። የሚጎድለው ሳሙና፣ እንጨትና ሁለተኛ ልብስ ነው። መርፌው ከተሰጠ በኋላ ታማሚውን ለሰዓታት ሳይለዩ መጠበቅ፣ ፈሳሽ መስጠት፣ እንዲነሣ አለመፍቀድ የተባለው መመሪያም ከ1970ዎቹ ጥናቶች የወጣ ነው፤ ዛሬም ሕይወት ያድናል።

በ2015 በኔዘርላንድ፣ በጀርመን፣ በስዊዘርላንድና በጣሊያን ያሉ ሐኪሞች በረሃና ባሕር አቋርጠው ከአፍሪካ ቀንድ በመጡ ወጣት ስደተኞች ላይ ግርሻን አገኙ። አብዛኞቹ ሐኪሞች በሽታውን በመጽሐፍ እንጂ በዐይናቸው አይተውት አያውቁም ነበር። ስለ ታማሚዎቹ በጻፏቸው ዘገባዎች ውስጥ መባባሱን እንዴት መጠበቅ እንደሚገባ ለማስረዳት የሚጠቅሷቸው ጽሑፎች እነዚያው የአዲስ አበባ ጥናቶች ናቸው። የ62ቱም ሆነ የ49ኙ ታማሚዎች ስም በዚያ የለም፤ ዕድሜያቸው፣ የሙቀታቸው መጠንና የደማቸው ልኬት ብቻ አለ። ከየትኛው መንደር እንደመጡ፣ በምን ሥራ ይተዳደሩ እንደነበር፣ ከሆስፒታሉ ሲወጡ ምን እንደተባሉ የሚያስታውሱ ነርሶችና ሐኪሞች ግን ዛሬም በሕይወት ሊኖሩ ይችላሉ። የቃል ታሪክ ለመሰብሰብ ርእስ የምትፈልጉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ካላችሁ ጊዜው እያለፈ ነው፤ ቢሮዬ ክፍት ነው። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ ልለፍ።